የቶሬ ዴል ግሬኮ የኮራል ነጋዴዎች በጃፓን

በኢጣልያ አገር፣ ከናፖሊ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቬሱቪዮ እሳተ ገሞራ ግርጌ ቶሬ ዴል ግሬኮ የምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ትገኛለች። የዚህች ከተማ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ይተዳደር የነበረው ከባሕር ወለል ቀይ ኮራል በማውጣት፣ ኋላም ያንኑ ኮራል ቈርጦ፣ ሞርዶና ቀርጾ በመሸጥ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ግን አስገራሚ ነገር ታየ። በአቅራቢያው ባሕር የሚገኘው ጥሩ ኮራል እየተመናመነ ሲሄድ፣ የከተማይቱ የኮራል ሥራ አልተመናመነም፤ እንዲያውም ስሙ በዓለም እየታወቀ ሄደ። ባለእጆቹ የሚቀርጹት ቀይና ሐምራዊ ቅርንጫፍ ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው የሚመጣው ከጃፓን ነበርና ነው። ጥሬ ዕቃው በእጁ የነበረው የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ለብዙ ዘመን ቅርንጫፉን በሚዛን ሲሸጥ፣ ቅርንጫፉ ያልበቀለበት የኢጣልያ ከተማ በሥራው ዋጋ የኖረው እንዴት ነው? የሙያ ትምህርትን ለሚያስተምሩና የሙያ ትምህርትን ለሚያቅዱ ሰዎች ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። መልሱም በትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን በነጋዴው ኑሮ ውስጥ የሚገኝ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮራል፣ ዐረቦች መርጃን የሚሉት፣ በጥንት ሰዎች ዘንድ አንዳንዴ እንደ ድንጋይ፣ አንዳንዴም በባሕር ውስጥ እንደሚበቅል ተክል ይቈጠር ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ዣን አንድሬ ፔይሶኔል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ቅርንጫፉ በኅብረት የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ሥራ መሆኑን ቢያስረዳም፣ የዘመኑ ሊቃውንት ወዲያው አልተቀበሉትም። ለጌጥ የሚውለው ኮራል በቀይ ባሕር ዳርቻ በብዛት ከሚታየውና የምጽዋ ጥንታዊ ቤቶች ከተሠሩበት የኮራል ዐለት የተለየ ነው። የጌጡ ኮራል ጠጣር፣ ሲወለወል የሚያበራ፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ባሕርም ሊያድግ የሚችል ነው። እድገቱ እጅግ የዘገየ ስለሆነ ውፍረቱ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተቦጨቀ ሥፍራ የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ቢጠበቅ እንኳ ወደ ቀድሞው ይዞታው አይመለስም። የኮራል ነጋዴ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው የሚንከራተትበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ቶሬ ዴል ግሬኮ ራስዋ ለረጅም ጊዜ ጥሬ ዕቃ ሻጭ ነበረች። መርከበኞችዋ ኮራሊና በሚባሉ ጀልባዎች ተሳፍረው ወደ ሰርዴኛ፣ ወደ ኮርሲካ፣ ወደ ቱኒዝያና ወደ አልጄርያ ጠረፍ እየሄዱ፣ በመስቀል ቅርጽ በተጋጠመ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ መረብ በባሕር ወለል ላይ እየጎተቱ ቅርንጫፉን ይሰብሩ ነበር። ሥራው አድካሚ፣ ወራቱ ረጅም፣ ዕዳው ከባድ ነበር። ያመጡትን ግን የሚቀርጹት እነርሱ አልነበሩም። የሊቮርኖ፣ የጄኖቫ፣ የትራፓኒና የማርሴይ ባለእጆች ነበሩ። የናፖሊ ንጉሥ ፌርዲናንዶ 4ኛ በ1790 ለኮራል ሥራ ልዩ ሕግ አወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቬሱቪዮ ፈንድቶ የከተማይቱን አብዛኛውን ክፍል በቀለጠ ዐለት ሸፈነው። ይሁን እንጂ በ1805 ከማርሴይ የመጣ ፓኦሎ ባርቶሎሜዮ ማርቲን የተባለ ሰው ከንጉሡ ፈቃድ አግኝቶ በከተማይቱ የመጀመሪያውን የኮራል መሥሪያ ቤት ከፈተ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጥሬውን የሚያወጣውና ጥሬውን የሚሠራው በአንድ ከተማ መኖር ጀመሩ። ቶሬ ዴል ግሬኮ ኋላ በጃፓን ላይ ያገኘችውን ብልጫ፣ ቀድሞ ሌሎች ከተሞች በእርስዋ ላይ አግኝተውት እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከትርፍ ብዛት ነው። በ1875፣ በ1878ና በ1880 በሲሲሊያ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ሻካ በምትባል ከተማ ፊት ለፊት፣ ከባሕር ሥር የተከማቸ እጅግ ብዙ የሞተ ኮራል ተገኘ። ጀልባው ሁሉ ወደዚያው ጎረፈ። ኮራሉም ከልክ በላይ ስለ በዛ ዋጋው ወደቀ። ርካሽ ጥሬ ዕቃ ለባለእጅ ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ገበያው በተራ ዶቃ ሲጥለቀለቅ ጥሩውንና መጥፎውን ሥራ የሚለይ ዋጋ ይጠፋልና። የኢጣልያ መንግሥት በቶሬ ዴል ግሬኮ የኮራል ቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም በ1878 በንጉሣዊ ዐዋጅ የወሰነው በዚሁ ዘመን ነው። በትምህርት ቤቱ የንድፍና የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ከእጅ ሥራው ጋር አብሮ እንዲሰጥ ተደረገ። ተማሪው በአባቱ ቤት ዶቃ መብሳትን ሊማር ይችል ነበር፤ የሰውን ፊት በትክክል መንደፍን ግን በአባቱ ቤት አይማርም።

ትምህርት ቤቱ ሥራውን ሲጀምር ጃፓን ለኢጣልያ ነጋዴ ያልታወቀች አገር አልነበረችም። ቪቶሪዮ አርሚንዮን የተባለው የባሕር ኃይል መኰንን ማጀንታ በምትባል መርከብ ወደ ዮኮሃማ መጥቶ በነሐሴ 1866 የሁለቱን አገሮች የወዳጅነትና የንግድ ውል በኤዶ፣ በዛሬይቱ ቶኪዮ፣ ፈርሞ ነበር። ለውሉ ያጣደፈው የሐር ትል ነው። በኤውሮፓ የሐር ትል በሽታ የሎምባርዲያንና የፒዬሞንቴን ሐር አምራቾች ስላጠቃ፣ ጤነኛ የትል እንቁላል የሚገኘው ከጃፓን ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ብዙ የኢጣልያ ነጋዴዎች ወደ ዮኮሃማ ይሄዱ ነበር። በ1869 የስዌዝ ቦይ ሲከፈት መንገዱ አጠረ። ከናፖሊ የተነሣ ሰው በስዌዝ፣ በኤደን፣ በኮሎምቦ፣ በሲንጋፖርና በሆንግ ኮንግ በኩል አድርጎ ከአንድ ወር በላይ ተጉዞ ጃፓን ይደርሳል። በ1871 ናጋሳኪ ከሻንግሃይና ከቭላዲቮስቶክ ጋር በባሕር ሥር በተዘረጋ የቴሌግራፍ ሽቦ ስለ ተገናኘች፣ ሰውየው በወር የሚደርስበትን ዋጋ ወሬው በጥቂት ቀን ውስጥ የሚደርስበት ሆነ።

ለኮራል ነጋዴው የበለጠ የጠቀመው ግን ጃፓኖች ኮራልን አስቀድመው የሚወዱት መሆናቸው ነው። በናራ ከተማ በሾሶኢን ግምጃ ቤት ከ8ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተጠብቀው ከኖሩት ዕቃዎች መካከል ከሜዲትራንያን ባሕር የመጡ የኮራል ዶቃዎች ይገኛሉ። ሆላንዶች በናጋሳኪ ይነግዱ በነበረበት ዘመንም የሩቁ አገር ኮራል በሴቶች የፀጉር መርፌ ጫፍ ላይና በወንዶች መታጠቂያ ላይ በሚንጠለጠለው ከረጢት ማሰሪያ ላይ ይታይ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ንግዱ የሚሄደው ከኢጣልያ ወደ ጃፓን ነው።

በጃፓን ባሕር ውስጥም ኮራል ነበር። በሺኮኩ ደሴት ደቡብ በጥንቱ የቶሳ ግዛት፣ በዛሬው ኮቺ፣ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ቅርንጫፉ በመንጠቋቸውና በመረባቸው ሲያዝ አይተውታል። የቶሳ መስፍን ግን ማዕከላዊው መንግሥት ሀብቱን ሰምቶ ግብር እንዳይጥልበት በመፍራት ኮራል ማውጣትን ከልክሎ፣ ወሬውም እንዳይነገር አድርጎ ነበር ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ኮኖጆ የተባለ አንድ የቶሳ ሰው ኮራል የሚይዝ ልዩ መረብ እንደ ፈጠረ ይነገራል። ካማኪቺ ኪሺኖዌ የተባለው የጃፓን የባሕር እንስሳት ሊቅ በ1903 የጃፓንን የኮራል ዘሮች በሳይንስ ስም ሲሰይም፣ ነጩን ዘር በዚህ ሰው ስም ኮኖጆይ ብሎ ጠራው። አንድ ዓሣ አጥማጅ በሳይንስ መዝገብ ስሙ ሲተከል ማየት የተለመደ ነገር አይደለም። በ1868 የመስፍኖቹ ሥርዓት ፈርሶ የሜጂ መንግሥት ሲቆም ክልከላው ቀረ። ጀልባዎቹም ወደ ባሕር ወጡ።

ያገኙት ኮራል ከሜዲትራንያኑ የተለየ ነበር። ከሜዲትራንያኑ ቅርንጫፍ እጅግ የወፈረ ስለሆነ፣ ከእርሱ ዶቃ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሐውልት መቅረጽ ይቻላል። መልኩም ብዙ ነው። እንደ በሬ ደም የጠቈረ ቀይ አለ፤ የኢጣልያ ነጋዴዎች ቼራስዎሎ፣ ማለትም የቼሪ ፍሬ መልክ ያሉት አለ፤ ነጭም አለ። ከሁሉ የተወደደው ግን ጃፓኖች ቦኬ በምትባል አበባ ስም የጠሩት፣ ኢጣልያኖች ደግሞ የመልአክ ገላ ያሉት ስስ ሐምራዊ መልክ ነው። ይሁን እንጂ የጃፓን ኮራል አንድ ጠንቅ አለበት። ቀዩና ሐምራዊው ቅርንጫፍ በመካከሉ ነጭ ልብ አለው። ነጩ ልብ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳያውቅ የቈረጠ ባለእጅ፣ ቀይ ዶቃ እሠራለሁ ሲል ነጭ ዓይን ያለበት ዶቃ ይወጣበታል። የሜዲትራንያኑ ኮራል ይህ የለበትም። ስለዚህ አዲሱ ጥሬ ዕቃ ለቶሬ ዴል ግሬኮ አዲስ እውቀትን ጭምር የሚጠይቅ ሆነ።

ይህን እውቀት ተሸክሞ ባሕር የተሻገረው ነጋዴው ነው። መኖሪያውም ኮቤ ሆነ። ኮቤ ለውጭ አገር ሰዎች የተከፈተችው በ1868 መጀመሪያ ሲሆን፣ ከዮኮሃማ ይልቅ ለሺኮኩና ለደቡቡ ባሕር ቅርብ ናት። የውጭ አገር ሰዎች በተከለለላቸው ሰፈር ይኖሩ፣ በየአገራቸውም ቆንስል ይዳኙ ነበር። ይህ መብት ለጃፓኖች ውርደት፣ ለነጋዴዎቹም ምቾት መስሎ ይታያል። ነገር ግን አጥርም ነበር። የውጭ አገር ሰው ልዩ የይለፍ ወረቀት ካልያዘ በቀር ከወደቡ 10 ሪ፣ ማለት 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አልፎ መሄድ አይችልም ነበር። በአገር ውስጥ ገብቶ መነገድም የተከለከለ ነው። ስለዚህ የኮራል ነጋዴው የኮቺን ጠረፍ ሳያይ፣ ዓሣ አጥማጁንም ሳያነጋግር፣ በኮቤ ተቀምጦ ጃፓናዊው ደላላ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። ጥሬው በስንት እንደ ተገዛ የሚያውቀው ደላላው ነው፤ በናፖሊ ወይም በካልካታ በስንት እንደሚሸጥ የሚያውቀው ደግሞ ነጋዴው ነው። ትርፉ የሚገኘው ከእነዚህ ከሁለቱ ምስጢሮች መካከል ነበር።

ጃፓን እስከ 1897 ድረስ ገንዘብዋን በብር ላይ መሥርታ ስለ ቆየች፣ የብርም ዋጋ በዓለም ገበያ እየወረደ ስለ ሄደ፣ የጃፓን ዕቃ ለኤውሮፓ ገዢ ርካሽ ሆኖለት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። በ1899 የቆንስሎች ዳኝነት ሲቀር አጥሩም አብሮ ቀረ። የኢጣልያው ነጋዴ በጃፓን ሕግ የሚዳኝ ሰው ሆነ፤ በዚያው መጠን ግን ወደ ኮቺም ሆነ ወደ ናጋሳኪ አውራጃ ደሴቶች ራሱ በመርከብ ሄዶ ጥሬውን በዓይኑ ለማየት ቻለ። መብቱን ያጣ ሲመስል ሥራውን አገኘ።

የግዢው ሥራ ቀላል አልነበረም። ኮራሉ የሚመዘነው ሞሜ በሚባል የጃፓን መለኪያ ሲሆን፣ አንዱ ሞሜ 3.75 ግራም ነው። ቅርንጫፉ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በሕይወቱ ከባሕር የወጣ ነው። ሁለተኛው በቆመበት ሞቶ የቆየ ሲሆን፣ ሦስተኛው ወድቆ በባሕር ወለል ላይ የሰነበተና ትል የበላው ነው። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ቅርፊት የለበሰ፣ ያልጠራና የሻከረ ነገር ነው። ገዢው ቅርንጫፉን ሳይሰብረው ስንጥቁን፣ የትሉን ቀዳዳና የነጩን ልብ መንገድ መገመት አለበት። ከዚያም ከተቀናቃኞቹ ጋር በሐራጅ ይወዳደራል። ግምቱ ካልሰመረ ኪሳራው የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ቅርንጫፉ በቶሬ ዴል ግሬኮ በመጋዝ ሲከፈል ነው። ይህን ያህል የዓይን ብልሃት በመጽሐፍ አይገኝም። የሚገኘው ከልጅነት ጀምሮ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያደገና የተሰበረውን ዶቃ ሲጠርግ የኖረ ሰው ዘንድ ነው። ስለዚህ ወደ ጃፓን የሚላከው በአብዛኛው የቤተሰቡ ሰው ነበር። ወንድም በኮቤ ሲገዛ ወንድም በቶሬ ዴል ግሬኮ ያሠራል፤ ደብዳቤው በወር፣ ቴሌግራሙ በቀናት ይመላለሳል።

ከባሕሩ ላይ ያለው ኑሮ ግን ከሐራጁ ቤት የራቀ ነው። ከናጋሳኪ በስተ ምዕራብ በሚገኙት የጎቶ ደሴቶችና ከእነርሱም በታች ባሉት ጥቃቅን ደሴቶች አካባቢ ብዙ ኮራል በመገኘቱ በመቶ የሚቈጠሩ አነስተኛ ጀልባዎች ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። በጥቅምት 1906 ታይፉን የሚባለው ዐውሎ ነፋስ በድንገት መጥቶ እነዚህን ጀልባዎች ስለ ደመሰሳቸው ብዙ መቶ ሰዎች አለቁ። በናፖሊ ወይም በፓሪስ የመልአክ ገላ የሚባለውን ሐምራዊ ዶቃ ያጠለቀች ወይዘሮ ስለዚህ ነገር የሰማችው ምንም ላይኖር ይችላል።

ጥሬው በቶሬ ዴል ግሬኮ ሲራገፍ ሥራው በብዙ እጅ ይከፋፈላል። አንዱ ይቈርጣል፤ ሌላው ይበሳል፤ ሌላው ያድበለብላል፤ ሌላው ይወለውላል። በመጨረሻም በመልክና በመጠን እየተለየ በክር ይሰካል። ከእነዚህ ብዙዎቹን ሥራዎች የሚሠሩት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ደመወዛቸው ከወንዶቹ ያነሰ ሲሆን፣ ስማቸው በሥራው ላይ አይጻፍም። ቀራጩ ሰው ግን፣ በተለይም ትምህርት ቤቱን የጨረሰው፣ ሐውልትና የፊት ምስል በመቅረጽ ይታወቃል። እንዲሁም ከተማይቱ በትላልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ላይ ምስል በመቅረጽ ሥራ ታዋቂ ሆነች። ለዚህም ከሚፈለገው ቅርፊት አንዱ ዓይነት የሚመጣው ከምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ ነው። ጥሬ ዕቃን ከሩቅ አምጥቶ መሥራት በዚህ ሁኔታ የከተማይቱ ልማድ ሆነ።

በዚህ ሥፍራ የተነሣውን ጥያቄ መልሶ ማንሣት ያስፈልጋል። የጃፓን ባለእጆች በሙያ ያነሱ አልነበሩም። በዝሆን ጥርስና በእንጨት ላይ ጥቃቅን ምስል በመቅረጽ ከዓለም የሚስተካከላቸው ጥቂት ነበር። ታዲያ ኮራሉን በጥሬው ለምን ሸጡት? አንዱ ምክንያት የገዛ አገራቸው ገበያ የሚፈልገው ጥቂት ዓይነት ዕቃ፣ በተለይም ለፀጉር መርፌና ለማሰሪያ የሚሆን ክብ ዶቃ መሆኑ ነው። የበለጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ካልካታ ምን ዓይነት ዶቃ እንደምትወድ፣ በምዕራብ አፍሪቃ የቤኒን ነገሥታትና መኳንንት ለክብር ልብሳቸው ምን ያህል የወፈረ ኮራል እንደሚሹ፣ ሩስያ ምን ዓይነት መልክ እንደምትመርጥ የሚያውቀው የቶሬ ዴል ግሬኮ ነጋዴ ነበር። ይህ እውቀት በብዙ ትውልድ የተጠራቀመ ነው። የጃፓን ቀራጭ እጁ የሠለጠነ ቢሆንም ገዢውን አያውቀውም ነበር።

በዚሁ ዘመን የሁለቱ አገሮች መንግሥታት በሌላ መንገድ ሙያን ለመለዋወጥ ሞክረዋል። የጃፓን የሕዝብ ሥራ ሚኒስቴር በ1876 በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍት መምህራኑን ያመጣው ከኢጣልያ ነው። አንቶኒዮ ፎንታኔዚ ሥዕልን፣ ቪንቼንሶ ራጉዛ ቅርጻ ቅርጽን፣ ጆቫኒ ካፔሌቲ የሕንፃ ንድፍን አስተማሩ። ሴቶችም ተማሪዎች ሆነው ተቀባይነት አገኙ፤ ለዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትምህርት ቤቱ ግን በ1883 ተዘጋ። ራጉዛ በ1882 ወደ አገሩ ወደ ፓሌርሞ ሲመለስ ኪዮሃራ ታማ የተባለችውን ሠዓሊና ሁለት ዘመዶችዋን ይዞ ሄደ። በ1884ም የጃፓን ጥበብ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ኡሩሺ በሚባለው የዛፍ ሙጫ ዕቃን የመለበጥ ሥራ ነበር። ዛፉ ግን የሚበቅለው በምሥራቅ እስያ ነው። ሙጫውን በሚበቃ መጠን ወደ ሲሲሊያ ማስመጣት ስላልተቻለ ትምህርቱ ሳይዘልቅ ቀረ። መምህር ነበር፤ ተማሪም ነበር፤ የመንግሥት ድጋፍም አልጠፋም። ያልነበረው ሙጫውን በየዓመቱ ገዝቶ የሚልክ ሰው ነው። የቶሬ ዴል ግሬኮ ትምህርት ቤት ከፓሌርሞው የተለየው በመምህራኑ ብልጫ ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባው በኮቤ የተቀመጠ ነጋዴ ስለ ነበረ ጭምር ነው።

የነጋዴዎቹ ኑሮ በ20ኛው መቶ ዓመት ጸጥታ አላገኘም። መስከረም 1 ቀን 1923 የመሬት መንቀጥቀጥ ዮኮሃማን ሲያፈርሳት ብዙ የውጭ አገር ንግድ ቤቶች ወደ ኮቤ ተዛወሩ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1935 ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር አባሎች ከኅዳር 18 ቀን ጀምሮ የኢጣልያን ዕቃ ላለመግዛት ወሰኑ። ከክልከላው የተተዉት ወርቅና ብር እንዲሁም የታተሙ ጽሑፎች ያህሉ ስለ ነበሩ የኮራል ዶቃም አላመለጠም። ህንድ የማኅበሩ አባል ስለ ነበረች የቀድሞው የካልካታ ገበያ ከተዘጉት መካከል ሆነ። ጃፓንና አሜሪካ ግን በማኅበሩ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ ጥሬው መግዛት ሳይቋረጥ መሸጡ ብቻ ተሰናከለ። ክልከላው በሐምሌ 1936 ተነሣ፤ ኢትዮጵያ ግን በወራሪው እጅ ነበረች። ማኅበሩ በግማሽ ልብ የጣለው ቅጣት ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር ዶቃን መከልከሉ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሊረሳ የሚገባው ነገር አይደለም።

ከዚያም ትልቁ ጦርነት መጣ። በ1941 መጀመሪያ እንግሊዞች ወደ ምጽዋ ሲቃረቡ ከዚያ ሾልከው የወጡ ሁለት የኢጣልያ መርከቦች ቀይ ባሕርንና የህንድ ውቅያኖስን አቋርጠው ኮቤ ደረሱ። ኢጣልያ በመስከረም 1943 ከተባባሪዎቹ መንግሥታት ጋር የጦርነት ማቆሚያ ስምምነት ባደረገች ጊዜ ግን በጃፓን የሚኖሩ ኢጣልያኖች ከወዳጅነት ወደ ጠላትነት በአንድ ቀን ተለወጡ። ለአዲሱ የሙሶሊኒ መንግሥት ታማኝነታቸውን ለመግለጽ እንቢ ያሉት በእስር ሰፈር ተከተቱ። በ1945 ኮቤ በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጠለች።

ከጦርነቱ በኋላ ከቶሬ ዴል ግሬኮ የተነሡ ነጋዴዎች እንደ ገና ወደ ጃፓን ሄዱ። ከእነርሱም መካከል ባሲሊዮ ሊቬሪኖ የተባለው የኮራል ባለሙያ በንግድ ሕይወቱ ያየውንና ያጠናውን በመጻሕፍት ጽፎ አቆይቷል። በተለይ በ1989 በእንግሊዝኛ የታተመው መጽሐፉ ስለ ቀይ ኮራል ታሪክ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ጃፓኖች ግን የቀድሞዎቹ አልነበሩም። በኮቺ ራሱን የቻለ የቅርጻ ቅርጽና የጌጥ ሥራ ስለ ተስፋፋ ጥሩው ቅርንጫፍ ሁሉ በጥሬው ከአገር መውጣቱ ቀረ። ታይዋንም ብዙ ጀልባዎችና ብዙ ባለእጆች አሰማራች። በ1965 የጃፓን አጥማጆች በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ ከሚድዌይ ደሴት ወዲያ፣ በ400 ሜትር ጥልቀት ሐምራዊ ኮራል ሲያገኙ የሻካው ታሪክ ተደገመ። መርከቦች ጎረፉ፤ ጥሬው በዛ፤ ከሃያና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥፍራው ባዶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ስለ ባሕሩ ነው። የኤውሮፓ ማኅበረሰብ በሜዲትራንያን በመስቀል እንጨት የሚጎተተውን መረብ በ1994 ከለከለ፤ በዚያ ባሕር ቀይ ኮራል የሚያወጡት ከዚያ ወዲያ ፈቃድ ያላቸው ጠላቂዎች ናቸው። ቻይና በ2008 አራት የኮራል ዘሮችን በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ስምምነት ሦስተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ አስመዘገበች። የጌጥ ኮራልን ሁሉ ጥብቅ ወደ ሆነው ሁለተኛ ሰንጠረዥ ለማግባት በ2007 በሄግ፣ በ2010 ደግሞ በዶሃ የቀረቡት ሐሳቦች ግን በድምፅ አላለፉም። በዚህ ጊዜ የቻይና ገበያ የቀይ ኮራልን ዋጋ እጅግ ከፍ አድርጎት ነበር። በ2014 መከር ከ200 የሚበልጡ የቻይና ጀልባዎች በኦጋሳዋራ ደሴቶች አካባቢ ተሰማርተው በስርቆሽ ኮራል ሲያወጡ ስለ ታዩ ጃፓን የቅጣት ሕግዋን አጠበቀች።

የቶሬ ዴል ግሬኮው ትምህርት ቤት ዛሬም አለ። በውስጡ ከ1933 ጀምሮ የቆመ ቤተ መዘክር ይገኛል። በኮቺ ደግሞ ጀልባዎቹ በመንግሥት ፈቃድ፣ በተወሰነላቸው ወራትና ሥፍራ፣ ድንጋይ የታሰረበትን መረብ ወደ ባሕር ይጥላሉ። የወጣውም ቅርንጫፍ እንደ ቀድሞው ተለይቶና ተመዝኖ ለሐራጅ ይቀርባል። ለብዙ ዘመን ኢጣልያኖች ቀዳሚ ገዢዎች በነበሩበት በዚህ ገበያ፣ ባለፉት ሁለት ዐሥርታት ዋጋውን ሲወስኑ የታዩት የታይዋንና የቻይና ነጋዴዎች ናቸው።